ስምንት ሸሪኮች፣ አንድ ስም፦ የዩቢ ፎርቲ ትርፍና ኪሳራ

70 ሚሊዮን ሸክላ፣ ካሴትና ሲዲ የሸጠ የሬጌ ባንድ አባላት ፍርድ ቤት «ከስረዋል» እስከማለት የደረሱት እንዴት ነው?

የድርጅታቸውን ስም ያገኙት ከመንግሥት ቅጽ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ሥራ ያጣ ሰው ድጎማውን ለመቀበል ቢሮ ሲቀርብ የሚይዛት አንዲት ካርድ ነበረች። በካርዷ ላይ «የሥራ አጥ ድጎማ፣ ቅጽ 40» የሚለው በእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ተጽፎ ይነበባል፤ ሲያሳጥሩት «ዩቢ ፎርቲ» ይሆናል። በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ያቺን ካርድ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ስምንት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1978 ማብቂያ ላይ ባንድ ሲያቋቁሙ ይህንኑ ስም ለራሳቸው ሰጡት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነጋዴ አንባቢያችን እንደሚረዳው ይህ ስም ያለ አንዳች ወጪ የተገኘ ማስታወቂያ ነበር። በጊዜው በእንግሊዝ ሥራ አጥ የሆነው ሕዝብ በ1980 ሁለት ሚሊዮን፣ በ1982 መጀመሪያ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ኪስ ውስጥ የባንዱ ስም የታተመባት ካርድ አለች ማለት ነው። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋንም ራሷ ካርዷ ነበረች። የአልበሙ ርዕስ «ሳይኒንግ ኦፍ» ይባላል፤ ሥራ ያገኘ ሰው ከድጎማው መዝገብ ሲሰናበት የሚባለው ቃል ነው።

አልበሙ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባንዱ 70 ሚሊዮን ያህል ሸክላ፣ ካሴትና ሲዲ እንደሸጠ ይነገርለታል። ሆኖም በ2011 አራቱ አባላት በበርሚንግሃም ፍርድ ቤት መክሰራቸው ታወጀ። የዚህ ሳምንት የገበያ ገጻችን ጥያቄም ይኸው ነው። ዕቃው ተሽጧል፣ ገበያውም ሰፍቷል፤ ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ሽርክናውስ የት ላይ ተሰነጠቀ?

መነሻ ካፒታል

የባንዱ መነሻ ካፒታል የተገኘው ከባንክም ከዘመድም አልነበረም። ድምፃዊው አሊ ካምቤል 17ኛ የልደት በዓሉን ሲያከብር መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ ፊቱን በብርጭቆ ተመቶ ቆስሎ ነበር። ለወንጀል ተጎጂዎች ከሚሰጠው ካሳ 4,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰውና በገንዘቡ የሙዚቃ መሣሪያ ተገዛ። መሣሪያው ሲገዛ ግን ከስምንቱ መካከል በደንብ መጫወት የሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ሌላው ልምምድ ላይ ሆኖ ነው የተማረው።

የሥራ ማስኬጃውስ? እዚህ ላይ ያ ቅጽ እንደገና ይመጣል። በየሳምንቱ የሚከፈለው የሥራ አጥ ድጎማ ወጣቶቹ ሌላ ሥራ ሳይፈልጉ ወራት ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ እንዲለማመዱ አስችሏቸዋል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የእንግሊዝ መንግሥት ሳያውቀው የዚህ ኩባንያ የመጀመሪያ አበዳሪ ሆኖ ነበር፤ ያውም ያለ ወለድ።

ቦታውም አግዟቸዋል። በርሚንግሃም የመኪናና የብረታ ብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ በደህናው ዘመን ከጃማይካ፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከየመንና ከአየርላንድ ሠራተኛ ስበው አምጥተዋል። የእነዚህ ሠራተኞች ልጆች በአንድ ሰፈር አደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በየቤቱ ከሚከፈተው ሙዚቃም አብረው ሰሙ። የካምቤል ወንድማማቾች አባት የስኮትላንድ የባሕል ዘፋኝ ነበር። ከባንዱ አባላት ደግሞ ወላጆቻቸው ከጃማይካና ከየመን የመጡ ይገኙበታል። ሬጌው፣ የእንግሊዙ ፖፕና የሳክስፎኑ የጃዝ ቃና አንድ ላይ የተቀላቀለው ሰፈሩ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ገበያው ቀድሞ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ዕቃው በኋላ መጣ።

የመጀመሪያውን ትርኢት በየካቲት 1979 በአንድ የሰፈር መጠጥ ቤት አቀረቡ። ፕሪቴንደርስ የተባለው ባንድ ድምፃዊት ክሪሲ ሃይንድ ሰምታቸው ከባንዷ ጋር በየከተማው እንዲዞሩ ጋበዘቻቸው። በ1980 ያወጡት የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላም፣ አንድም ትልቅ ኩባንያ ሳይደግፈው፣ አራተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። አሳታሚው በዳድሊ ከተማ በአንድ የሸክላ መሸጫ ሱቅ ባለቤት የተቋቋመ ግራጁየት ሬከርድስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። አልበሙ የተቀዳውም በአንድ ክፍል መኖሪያ ቤት ውስጥ ሲሆን ከበሮውን ለመቅዳት ቦታ ሲጠብ ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር ይባላል። ወጪው ትንሽ፣ ሽያጩ ብዙ፤ የማንኛውም ነጋዴ ሕልም!

አንዱን ቴፕ ሁለት ጊዜ መሸጥ

ስለ «ደብ» ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የሙዚቃ ስልት ብቻ ሳይሆን የንግድ ዘዴም ነውና። ደብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃማይካዋ ኪንግስተን ከተማ ሲስፋፋ ከፊት የነበረው ኪንግ ተቢ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። ቀድሞ የተቀዳው ዘፈን ይወሰዳል፤ ድምፁ ይነሳና ቤዙና ከበሮው ጎልቶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በላዩ የገደል ማሚቶ የመሰለ ድምፅ ይጨመርበታል። በዚህ መንገድ ከአንድ ቴፕ ሌላ ሙዚቃ ይወለዳል። ጃማይካውያን አሳታሚዎች ይህን የሸክላው ጀርባ ላይ ያትሙታል። ለጀርባው አዲስ ዘፈን ማሠራት፣ ለድምፃዊና ለተጫዋች እንደገና መክፈል ቀረ ማለት ነው።

ይህን በሒሳብ ብናየው የመጀመሪያው ቅጂ ወጪ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ሁለተኛው ዕቃ የሚያስወጣው የአንድ መሐንዲስና የአንድ ስቱዲዮ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዩቢ ፎርቲ ይህን ገና ከጅምሩ ተረድተውታል። በ1981 «ፕረዘንት አርምስ» የሚለውን ሁለተኛ አልበማቸውን ለገበያ አወጡና ሁለተኛ ደረጃ ያዘ። ወራት ሳይቆዩ የዚያኑ አልበም ደብ ቅጂ «ፕረዘንት አርምስ ኢን ደብ» ብለው አወጡ። ዘፈን አልባ የሆነው ይህ ሸክላም በእንግሊዝ ከመጀመሪያዎቹ 40 አልበሞች ተርታ ገባ። ደብ እስከዚያ ድረስ የጥቂት ሱቆችና የጭፈራ ቤቶች ዕቃ ነበር፤ ወደ ሰፊው ገበያ መግባቱ ያን ጊዜ ታየ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። አንዱን ቴፕ ሁለቴ መሸጥ የሚችለው የቴፑ ባለቤት ብቻ ነው።

የራስ ፋብሪካ

ባለቤትነቱ የመጣው በጠብ ነው። ግራጁየት የመጀመሪያውን አልበም በዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር ለነበረችው ደቡብ አፍሪካ ገበያ ሲያወጣ፣ እንግሊዝ ከዚያ አገዛዝ ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚነቅፈው አንድ ዘፈን ተቆርጦ ቀረ። ባንዱ ተቆጣ፣ ውሉንም ጥሎ ወጣ። ከዚያም ዲኢፒ ኢንተርናሽናል የሚባል የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። በበርሚንግሃም ዲግቤዝ ሰፈር የነበረ አንድ የከብት ማረጃ ቄራ ተገዝቶ ስቱዲዮ ሆነ፤ ስሙም «ቄራው» ተብሎ ቀረ።

ስምንት የቀድሞ ሥራ አጦች የማሳተሚያ ድርጅት፣ የስቱዲዮና የቴፕ ባለቤት ሆኑ። ማከፋፈሉን በኋላ ለቨርጂን ኩባንያ ሰጡ እንጂ ዕቃው የእነሱ ነበር። የሠሯቸውን ዘፈኖች ደራሲ «ዩቢ ፎርቲ» ብለው ያስመዘግቡ ነበር፤ ግጥም የጻፈውም ዜማ ያወጣውም ከበሮ የመታውም ድርሻው እኩል ነው። 100 ፓውንድ ከገባ ለእያንዳንዱ 12 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይደርሳል።

ይህ ዓይነቱ ክፍፍል በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ብዙም አይገኝም። አብዛኛው ባንድ የሚፈርሰው ዘፈኑን የጻፈው ቪላ ሲሠራ ከበሮ መቺው በኪራይ ቤት በመቅረቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የእኩልነቱ ውል ስምንቱን ሰዎች ወደ 30 ዓመት ገደማ አንድ ላይ አቆይቷቸዋል። ማንም ሳይለቅ፣ ማንም ሳይባረር ማለት ነው። ትርፉ ይህ ነው። ኪሳራውን ቀጥለን እናያለን።

የቀዩ ወይን ጠጅ ሒሳብ

በ1983 ባንዱ «ሌበር ኦፍ ላቭ» የሚል አልበም አወጣ። ሁሉም በልጅነታቸው የሰሟቸው የሬጌ ዘፈኖች ሲሆኑ አንዱም የራሳቸው ድርሰት አልነበረም። ከውስጡ «ሬድ ሬድ ዋይን» በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። ዘፈኑን በ1960ዎቹ የደረሰው ኒል ዳይመንድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዩቢ ፎርቲዎች የሚያውቁት ግን አንድ ጃማይካዊ በሬጌ የተጫወተውን ነበር። ሸክላው ላይ «ኤን. ዳይመንድ» የሚለውን የደራሲ ስም ሲያዩ «ንጉሥ ዳይመንድ» የሚባል ራስታ ይሆናል ብለው እንደነበር በኋላ ራሳቸው እየሳቁ ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ቃል ጃማይካን አቋርጦ በርሚንግሃም መድረሱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዘፈኑ በአሜሪካ በ1984 ሲወጣ 34ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። በሰኔ 1988 ባንዱ በለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ የልደት በዓል በተዘጋጀው ትርኢት ላይ ቀረበ። በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ያለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያም ዘፈኑን ደጋግሞ ያሰማ ጀመር። በዚያው ዓመት ጥቅምት አምስት ዓመት መጋዘን የከረመው ዕቃ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። አዲስ ቀረጻም አዲስ ወጪም አልነበረም።

ይህ ታላቅ ድል ነው። ሆኖም ሒሳቡን ዘርዝረን እንየው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ባለቤት አለው። የመጀመሪያው የድርሰቱ ባለቤት ነው፤ ግጥምና ዜማ የፈጠረው። ሁለተኛው የቀረጻው ባለቤት ነው፤ ቴፑ የእሱ የሆነው። ሸክላ ሲሸጥ ሁለቱም ያገኛሉ። በእንግሊዝ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሠራው ተመን ለደራሲው የሚታሰበው ከጅምላ ዋጋው 8.5 ከመቶ ነው። የ100 ብር ዕቃ ቢሆን 8 ብር ከ50 ለደራሲው ይሄዳል። ባንዱ የራሱን ድርሰት ከሸጠ ይህ ገንዘብ ለስምንት ተካፍሎ ለእያንዳንዱ 1 ብር ከ6 ሳንቲም ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ሲባዛ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ስልሳ ሺህ ነው። የሌላ ሰው ድርሰት ሲሆን ያ ሁሉ ለሌላው ሰው ይገባል።

ሬዲዮ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሚያሰሙት ዘፈን የሚከፍሉት ለደራሲውና ለድርሰቱ አሳታሚ ብቻ ነው፤ ለዘፋኙና ለቴፑ ባለቤት አይከፍሉም። ስለዚህ በ1988 ከፊኒክስ እስከ ኒውዮርክ ያለው ጣቢያ ሁሉ «ሬድ ሬድ ዋይን»ን ባሰማ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ወደ ኒል ዳይመንድ ወገን ነበር። ዩቢ ፎርቲዎች ከዚያ የሚያገኙት ማስታወቂያውን ነው።

ከዚህ በኋላ የባንዱ ትልልቅ ሽያጮች በአብዛኛው በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። በ1985 ከክሪሲ ሃይንድ ጋር በእንግሊዝ አንደኛ ያወጡት ዘፈን የሶኒ ቦኖ ድርሰት ነው። በ1993 በአሜሪካ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየው «ፎሊንግ ኢን ላቭ» ኤልቪስ ፕሪስሊ ቀድሞ የዘፈነው ነው። ገበያው የሚፈልገው ይህንን ሆነ፤ የራሳቸው ድርሰት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ዘር መድልዎ የዘፈኑት፣ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቀረ።

በሌላ በኩል ያሉትም አይረሱ። በ1990 እንደገና ታዋቂ ያደረጉትን «ኪንግስተን ታውን» ከ20 ዓመት በፊት የዘፈነው ሎርድ ክሪኤተር በጃማይካ ችግር ላይ ወድቆ ነበር። ከባንዱ ቅጂ የመጣለት የድርሰት ገቢ ኑሮውን እንደታደገው በሰፊው ተነግሯል። መብት በወረቀት ላይ ከተጻፈ ከ20 ዓመት በኋላም ባለቤቱን ፈልጎ ያገኘዋል።

እኩል ትርፍ፣ እኩል ዕዳ

የባንዱ አባላት በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ ተጎጂዎች መርጃ ከሌሎች የእንግሊዝ ባንዶች ተጫዋቾች ጋር በወጣ ሸክላ ላይ ተሳትፈዋል። ያን ጊዜ እጃቸው የሞላ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ሽያጩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ማሳተሚያና ስቱዲዮ ያለው ባንድ ሲደራ ትርፉን ከሌላ አይካፈልም፤ ሲቀዘቅዝም ወጪውን ከሌላ አይካፈልም። ሕንፃው፣ ሠራተኛውና የባንክ ዕዳው ዘፈን ይሸጥ አይሸጥ አይጠይቁም።

በጥር 2008 አሊ ካምቤል ባንዱን ለቅቆ መውጣቱ ተሰማ። የባንዱ ወገን መጀመሪያ ያለው ለብቻው ሊዘፍን ነው የሚል ነበር። ድምፃዊው በበኩሉ የወጣሁት የድርጅቱ ንግድ የሚመራበት መንገድ ስላላማረኝ ነው አለ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ሚኪ ቨርቹም ተከተለው። በአሊ ቦታ ሌላው ወንድሙ ደንከን ገባ። ቀደም ብሎም ታላቅ ወንድሙ ሮቢን ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ስለነበር የንግዱ ጠብ የቤተሰብ ጠብ ሆነ።

በ2011 ከዲኢፒ ዕዳ ጋር በተያያዘ አራት አባላት ከሰሩ ተባለ። እኩል ድርሻ ማለት እኩል ዕዳ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ። ለስምንት የሚካፈለው ትርፍ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የብዙ ሸሪኮች ስህተት ነው። ደግሞም ትርፍን እኩል መካፈል ይቻላል፤ ሒሳብን መቆጣጠር ግን እኩል አይካፈልም፤ አንድ ኃላፊና አንድ ከውጭ የሚመጣ ኦዲተር ይፈልጋል። «ሁላችንም ባለቤት ነን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ማንም አይመረምርም» ወደሚል ይለወጣል።

ስሙ የማን ነው?

በ2013 አስትሮ የሚባለው ሦስተኛው መሥራች ወደ አሊ ወገን ተሻገረ። ሦስቱ በዩቢ ፎርቲ ስም ትርኢት ማሳየት ሲጀምሩ የቀሩት በ2014 ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሷቸው። ክርክሩ የዘፈን ወይም የገንዘብ ሳይሆን የስም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ትርኢት አዘጋጁ ለስሙ 100 የሚከፍል ከሆነ፣ ሁለት ወገን በአንድ ስም ገበያ ሲወጣ ትኬት ገዢው የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ ዋጋውም ይወርዳል። በኋላ አንደኛው ወገን «ዩቢ ፎርቲ» ሲባል ሌላው «ዩቢ ፎርቲ ከአሊ ካምቤል ጋር» በሚል ስም ሲሠራ ቆይቷል።

በ2021 ሳክስፎን ተጫዋቹ ብራያን ትራቨርስ በነሐሴ፣ አስትሮ ደግሞ በኅዳር ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንደኛው ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ከሌላው ወገን። በ2022 በርሚንግሃም የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን ስታዘጋጅ ለጨዋታዎቹ መዝሙር የተመረጠው የዩቢ ፎርቲ ሥራ ነበር። ከተማዋ ሥራ አጥ ብላ የመዘገበቻቸውን ልጆች በክብር አስታወሰቻቸው ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ መድረክ ላይ ባይቆሙም።

ለእኛ ገበያ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ መርካቶ ይመለስ። በእኛ የካሴት ዘመን ድምፃዊው በብዛት ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥና ከዚያ በኋላ ካሴቱ መቶ ይሸጥ መቶ ሺህ አይመለከተውም ነበር። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ከተሻሻለ በኋላ በሕግ ፊት የደራሲው፣ የዘፋኙና የአሳታሚው መብት ተለይቶ ታውቋል። በሙዚቃ ላይ ገንዘብ ሊያወጣ የሚያስብ ባለሀብትም ሆነ አገናኝ ደላላ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዘፈኑ ያምራል?» ከሚሆን «ድርሰቱ የማን ነው? ቀረጻውስ?» ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በጓደኛሞች፣ በወንድማማቾችና በባልና ሚስት ስም የተከፈቱ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና የትራንስፖርት ድርጅቶች በከተማችን ብዙ ናቸው። አንዱ ሸሪክ ቢወጣ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር በውላቸው ላይ ያሰፈሩት ስንቶቹ ይሆኑ? የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ይመዘገባል፤ ሽርክናም በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ መልክ አለው። ወረቀቱን ለመጻፍ ጥሩው ጊዜ ሁሉም ሲሳሳቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ሦስተኛው የእኩልነት ጉዳይ ነው። የዩቢ ፎርቲ ታሪክ እኩል መካፈል መጥፎ ነው አይልም፤ ስምንት ሰው ሠላሳ ዓመት ያስማማ ውል መጥፎ ሊባል አይችልም። የጎደለው ሌላ ነው። መውጫው በር አልተጻፈም። የሚወጣ ሰው ድርሻው በምን ዋጋ ይገዛል? ዕዳውስ ይከተለዋል ወይ? በድርጅት ብድር ላይ በግሉ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ማነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ወደ ሽርክና የሚገባ ሰው፣ ሙዚቃ ይሽጥ ቡና፣ ከስምንቱ የበርሚንግሃም ልጆች የሚለየው እነሱ መጀመሪያ 70 ሚሊዮን ሸክላ በመሸጣቸው ብቻ ነው።